ሦስት ጊዜ አሥራ ሰባት

ጥቅምት 3

ለእህቴ ልጅ ለሚጣ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ እግርሽ ሳይዝል፣ ፊትሽ ሳይጠቁር ያግኝሽ። ያለሽበት አገር ሰው ደግ ይሁንልሽ። እኔ አለሁ።

የላክሽው ጥቅል ደርሶኛል። ሾፌሩ ወንድምሽ ከፖስታ ቤት ተቀብሎ፣ ሠላሳ አራቱን ደረጃ ወጥቶ፣ እያለከለከ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ከፍቶ ሲያየው "አክስቴ፣ ይህ ደግሞ ምንድነው? የብስክሌት ፍሬን ይመስላል" አለኝ። የእጅ ኃይል የሚለካበት መሣሪያ መሆኑን ነገርኩት። ጨምቆ 45 አመጣና ደስ ብሎት ሄደ።

አብሮ የመጣውን መመሪያ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር "ክንድን ከጎን በማድረግ" ይላል፤ ክርን ይታጠፍ ወይስ ይዘርጋ አይልም። አጥፌ ለካሁ። ከእንግዲህም ሁልጊዜ አጥፌ እለካለሁ፤ አለበለዚያ የዛሬው ከነገው ጋር አይወዳደርም።

ሐኪሙ ያለኝን በቅደም ተከተል ጻፊልኝ ብለሽኛል። ቀኝ ጡቴ በቀዶ ጥገና ከወጣ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በየቀኑ የምውጣት ነጭ ክኒን በሽታው እንዳይመለስ ትከላከላለች፤ ግን አጥንት ታሳሳለች። በሕክምናው ወራት ደግሞ ብዙ ስለተኛሁ ጡንቻዬ ሟሟ። ጡንቻው የደከመ ሰው ይወድቃል፤ አጥንቱ የሳሳ ሰው ሲወድቅ ይሰበራል። ሐኪሙ ያለኝ ይኸው ነው። የቀረው የእሱ ሳል ነበር።

የምለካው ሰኞ ሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። እያንዳንዱን እጅ ሦስት ጊዜ።

ቀኝ፦ 19፣ 17፣ 18 ኪሎ።
ግራ፦ 20፣ 19፣ 21።
በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፦ 9 ጊዜ።

ቁጥሮቹ መለያየታቸው አያሳስብሽ። ለተማሪዎቼ እል እንደነበረው፣ ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስቴም አንድ ቁጥር ያመጣ ሰው አልለካም፤ ከጓደኛው ቀድቷል።

ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ልሞክር ብላ 33 አመጣች። ልጇን ስላስተማርኩት እሷም እንደ ተማሪዎቼ በቅጽል ስሜ ነው የምትጠራኝ። "ማስመሪያ፣ አንቺ አርባ ዓመት ጠመኔ ይዘሽ ከየት የመጣ ጡንቻ ይኑርሽ? ይህ የመቀስ ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

ስልክ ለምን አታነሺም ብለሻል። በስልክ የተባለ ነገር አይታረምም። ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 9

ለእትዬ፤

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ደረጃዎን ያሳጥረው። እኔ ደህና ነኝ።

ክርንዎን ማጠፍዎ ትክክል ነው። መመሪያውን የጻፈው ሰው እርስዎ ዘንድ አልተማረም።

እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ እጅ እናስጨምቃለን፣ ከወንበር እናስነሳለን። ሴት ሆና ከ16 በታች ካመጣች አልጋዋ ራስጌ ቢጫ ወረቀት እንለጥፋለን። ከዚያ በኋላ ብቻዋን ደረጃ አትወጣም። እንደ እርስዎ ከጡት ካንሰር በኋላ ያችን ክኒን የሚውጡ ሴቶች ሲሆኑ ደግሞ ዋናዋ ነርስ አትቀልድም። "አጥንትን የሚጠብቀው ጡንቻ ነው" ትላለች፤ አልጋ ስታነጥፍ ሳይቀር።

በአሥራ ሁለት ቁጥር ክፍል ያሉ አንዲት እናት ቢጫ ወረቀት አልነበራቸውም። ባለፈው ሳምንት ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ወደቁ። በእኔ ተራ ነው። ፎጣ ላመጣ ዞሬ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ የአጥንት ምርመራውን ያድርጉ፤ ተኝተው ፎቶ መነሳት ነው፣ አያምም። ሁለተኛ፣ እንስማማ። ቁጥሩ ከ16 በታች ከወረደ ቤቱን ለቀው ወንድሜ ቤት ይግቡ። የእሱ ቤት ደረጃ የለውም። እሺ ካሉ በጽሑፍ ይላኩልኝ። በጽሑፍ ያልሆነ ስምምነት ወሬ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ሚጣ


ታኅሣሥ 6

ለሚጣ፤

የያዝሽው ይጽናልሽ፤ የጣልሽው ይገኝልሽ። እኔ አለሁ።

ስለ አሥራ ሁለት ቁጥሯ እናት አዝኛለሁ። ፎጣ ለማምጣት መዞር ወንጀል አይደለም። ቢሆንም ፎጣው ከመጀመሪያው በእጅ መያዝ ነበረበት።

ስምምነትሽን ተቀብያለሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ "የእጄ ጭብጥ ኃይል ከ16 ኪሎ በታች ከወረደ ቤቴን ለቅቄ በሾፌሩ ቤት እኖራለሁ።" ፈርሜበታለሁ። አንዱ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ አንዱ እኔ ዘንድ ነው።

የፈረምኩት ምን እንደሆነ ግን እወቂው። ባለፈው እሑድ ሄጄ የምገባበትን ክፍል አየሁት። የወንድምሽ ሚስት የመኪናውን ጎማዎች ወደ ጥግ ገፍታ "አልጋው እዚህ ጋ ይሆናል" አለችኝ። መስኮቱ የሚከፈተው በጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው። አምስቱ ልጆች በሳሎን አምስት ዓይነት ነገር ያያሉ። ሁሉም ደጎች ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ጠረጴዛዬ በበሩ አይገባም። ለካሁት፤ አራት ጣት ያንሳል።

እዚህ ጠዋት ተነስቼ ጠረጴዛዬ ጋ እቀመጣለሁ። የማርመው ነገር የለም፤ ግን እቀመጣለሁ። ከሕመሙ በኋላ ደስታም ኀዘንም በቅጡ አይገባኝም፤ ሁሉም በወፍራም መስታወት በኩል እንደሚታይ ነው። ጠረጴዛው ግን ጠረጴዛ ነው። እጄን ሳሳርፍበት ያለሁበትን አውቃለሁ።

ምርመራውን በተመለከተ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል ብለውኛል። ሲጠገን እሄዳለሁ።

ቀኝ፦ 17፣ 16፣ 17።
ግራ፦ 20፣ 19፣ 19።
ወንበር፦ 10።

መነሳት መቀመጡ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ቢሆንም አንድ ጨምሬያለሁ። ልብስ ሰፊዋ "ማስመሪያ፣ ጣሪያዬን በላዬ ላይ ልታፈርሺው ነው ወይ?" እያለች ከታች ትጮኻለች።

አክስትሽ


ጥር 21

ለእትዬ፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ። የዘገየሁት ሥራ ስለቀየሩኝ ነው።

የአሥራ ሁለት ቁጥሯ እናት አረፉ። የሳንባ ምች ነው የተባለው። ከተሰበሩ በኋላ አልተነሱም። ከዚያ በኋላ እኔን ልብስ ማጠቢያው ክፍል መደቡኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በቀን ሁለት መቶ አንሶላ አጥፋለሁ። ማጠፍ ጥሩ ነው። አንሶላ አይወድቅም፤ ቢወድቅም አይሰበርም።

አላለቀስኩም። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

የቀኝ እጅዎ ቁጥር በሁለት ወር ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ወርዷል። ማሽን እስኪጠገን አጥንት አይጠብቅም። ሌላ ሆስፒታል ይጠይቁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አይበሉኝ።

ሚጣ


መጋቢት 2

ለሚጣ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዕዳው ገብስ ነው፤ የሚያሳስብ ነገር የለም። የሴትዮዋን ነፍስ ይማር።

ቀኝ፦ 17፣ 17፣ 17።
ግራ፦ 18፣ 20፣ 19።
ወንበር፦ 11።

ጽሑፌ ትንሽ ቢያዘነብል እስክሪብቶው ነው።

አክስትሽ


መጋቢት 19

ለእትዬ፤

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

ግራ እጅዎ 18፣ 20፣ 19 ነው። ይህንን ለክተዋል። ቀኝ እጅዎ ሦስት ጊዜ አሥራ ሰባት ነው። ይህ ከማን እንደተቀዳ አላውቅም።

ከዚያ ጽሑፉን አየሁት። እስክሪብቶ አይደለም። የፊደሎቹ እግሮች ወደ ኋላ ተንጋለዋል። ቀለሙ ከግራ ወደ ቀኝ ተጠራርጓል፤ ሰላምታዎ "እኔ ደህና ነኝ" የሚለው ላይ ሲደርስ ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። ይህን ጭቃ አውቀዋለሁ። እናቴ አርፋ እርስዎ ቤት የመጣሁበት ዓመት ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። የእኔም ደብተር እንዲህ ነበር። ተማሪዎቹ "ጭቃ ረጋጭ" ይሉኝ ነበር። እርስዎ ግራ እጄን በሻርፕዎ ከወንበሩ ጀርባ እያሰሩ በቀኝ መጻፍ አስተማሩኝ። ከፈታሁት ደግሞ ማስመሪያው ነበረ። በስምንተኛው ወር ጽሑፌ እንደ እርስዎ ሆነ።

እትዬ፣ በግራ እጅዎ ነው የጻፉልኝ። ቀኝ እጅዎ የት ነው?

ወንድሜን በስልክ ጠየቅኩት። "ደህና ናት፣ ምንም የለም፣ አንቺ ደግሞ" አለኝ። ምንም የለም ያለበት አኳኋን እርስዎ አስጠንተውት ይመስላል። እርስዎ ይንገሩኝ።

ሚጣ


ሚያዝያ 3

ለሚጣ፤

ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ወስዶብኛል። በቀን አሥር መስመር። ሰላም ሁኚ፤ ፈጣሪ ከእኔ ዓይነት ተማሪ ይሰውርሽ።

በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ።

የካቲት 14፣ ሰኞ፣ አራት ሰዓት። ቀኝ እጄን ለካሁ፦ 16፣ 15፣ 15። መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ልብስ ሰፊዋን ጠርቼ አስጨመቅኳት። 33 አመጣች። መሣሪያው ደህና ነው። ወደ ሥራዋ ወረደች። እኔ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ስምምነት አየሁት። ከዚያ ወንበሩን አየሁት። ከአሥር ካለፍኩ ያኛውን ይክሰዋል ብዬ አሰብኩ። ለምን ይክሰዋል? አንዱ የእጅ ነው፣ አንዱ የእግር ነው። እንዲህ ያለ መልስ ተማሪ ቢያመጣልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

ወንበሩን ግድግዳ አላስደገፍኩትም። መመሪያሽ ላይ አስደግፉ ይላል፤ ስድስተኛው መስመር። አሥራ አንደኛው ላይ ስቀመጥ ወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ቀኝ እጄን ወለሉ ላይ ተከልኩ። ከደረጃ አልወደቅኩም። ከሠላሳ አራቱ ከአንዱም። ከራሴ ቁመት ነው የወደቅኩት።

ድምፁ ጠመኔ ሲሰበር ያለው ነው። አርባ ዓመት ስለሰማሁት አልደነገጥኩም። ወለሉ ላይ ሆኜ ሰዓቴን አየሁ፤ ሠላሳው ሴኮንድ አልሞላም ነበር። 11 ብዬ የጻፍኩልሽ ይህንን ነው። ይህኛው ቢያንስ እውነት ነበር፤ ከሞላ ጎደል።

ልብስ ሰፊዋ ድምፅ ሰምታ "ዛሬስ አፈረስሽው!" እያለች ወጣች። ስታየኝ ከግድግዳው ማስመሪያዬን አወረደች፤ ያንን የእንጨቱን። ከእጄ በታች አስገብታ በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ሆስፒታል ሐኪሙ "ማን ነው ያሰረሽ?" አለኝ። "ልብስ ሰፊ" አልኩት። "ልኬቷን ታውቃለች" አለ። የእጅ አንጓዬ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጀሶው ሊወልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

የአጥንት ምርመራውን እዚያው አደረጉልኝ። ማሽኑ ከተጠገነ ወር አልፎት ነበር፤ ጠይቄ አላውቅም። አከርካሪዬም ዳሌዬም ሳስቷል። ለአጥንት የሚሆን መርፌ በየስድስት ወሩ እወጋለሁ፤ የመጀመሪያውን ተወግቻለሁ። ሐኪሙ ዳሌሽ ገና አልተሰበረም አለኝ። "ገና" ያለው እሱ ነው።

ወንድምሽን እንዳይነግርሽ ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ አትቆጪው። የደበቅኩሽ እጄን አይደለም፤ 15ን ነው።

አሁን ስምምነቱ ፊቴ ነው። 15 ከ16 ያንሳል። ፊርማው የእኔ ነው። ጠረጴዛውን ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ መቁረጫ ታደርገዋለች፤ ተነጋግረናል። ቀኑን አንቺ ቁረጪልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በግራ ስጽፍ እጄ የጻፍኩትን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ይጠርገዋል። የቃሉን መጨረሻ ስጽፍ መጀመሪያው አይታየኝም። ወረቀቱን ቀጥ አድርጌ እንደማስተምረው አስቀምጬዋለሁ፤ አልሆነም። አንቺ ያኔ፣ ከመታሰርሽ በፊት፣ ወረቀቱን እንዴት ነበር የምታስቀምጪው? አንድ ነገር ታደርጊ ነበር። ወረቀትሽን ሁልጊዜ አጣመሽ ነበር የማገኘው። እያቃናሁት እሄድ ነበር። አሁን ወዴት እንደነበረ ማስታወስ አቃተኝ።

አክስትሽ


ግንቦት 6

ለእትዬ፤

አጥንትዎ ይጠገን፤ ልብዎ ይረፍ።

ወረቀቱን ወደ ቀኝ ያዙሩት። የላይኛው ጠርዝ ከእርስዎ ራቅ ብሎ ወደ ቀኝ ትከሻዎ ይመልከት። እጅዎን ከመስመሩ በታች ያኑሩ እንጂ በመስመሩ ላይ አያኑሩ። እስክሪብቶውን ከጫፉ ራቅ አድርገው ይያዙ፤ ሁለት ጣት ያህል። አይጫኑት። ያኔ የጻፉት ይታይዎታል። እኔ ይህን ማንም አላስተማረኝም። እጄ ያገኘው ነው።

ወዲያውኑ አያምርም። የእኔ ስምንት ወር ፈጅቷል፤ ያውም ወደ ሌላው አቅጣጫ።

ስለ ስምምነቱ። ቅጂዬን አውጥቼ አነበብኩት። "የእጄ ጭብጥ ኃይል ከ16 ኪሎ በታች ከወረደ" ይላል። የትኛው እጅ እንደሆነ አይልም። ግራ እጅዎ 18፣ 20፣ 19 ነው፤ ይህንን ደግሞ የለኩት በጀሶ ሆነው መሆኑን አሁን ነው የገባኝ። ግራም እጅ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛውን ለልብስ ሰፊዋ አይስጡ።

ይህን የምለው ስላሳዘኑኝ አይደለም። እዚህ ጥብቅ መሆን ተምሬያለሁ። ሾፌሩ ቤት ከመግባት የማስቀርዎት እንዲህ ከሆነ ነው፦ ወንበሩ ግድግዳ ይደገፋል። ሰኞ ሰኞ ሲለኩ ልብስ ሰፊዋ አጠገብዎ ትቆማለች፤ ቁጥሩን የምትጽፈው እሷ ናት። ደረጃውን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰው ጋር፣ ባዶ እጅዎን። የሚሸከሙትን ወንድሜ ይሸከማል፤ ማድረግ የምትችለው ይህንኑ ነው ብዬዋለሁ። መርፌው አይዘለልም። ግራ እጅዎ ከ16 ከወረደ ግን ያለ ክርክር ይወጣሉ። ይህኛውን በትክክል ጽፋዋለች ወይ ብለው ስሕተት አይፈልጉብኝ፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ዋናዋ ነርስ ወደ ክፍሎቹ ተመለሺ አለችኝ። ሰኞ እመለሳለሁ። ፎጣው ከመጀመሪያው በእጄ እንደሚሆን ነገርኳት። ቃሉ ከማን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ይህን ደብዳቤ በግራ እጄ ነው የጻፍኩት። በእሱ ከጻፍኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እጄ ይወቀው አይወቀው አላውቅም ነበር። ከፈለጉ እንደ ልማድዎ አርመው ይመልሱልኝ።

ሚጣ


ሰኔ 2

ለሚጣ፤

የጻፍሽበት እጅ ይባረክ።

ደብዳቤሽን ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩለት። ወረቀቱን ወደ ቀኝ አዞርኩት። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጭቃ የለውም። ሁለት ቦታ ብቻ ትንሽ ተጠርጓል፤ "ከመታሰርሽ" ብዬ የጠየቅኩሽን የምትመልሺበት ቦታ ላይ። የእስክሪብቶውን ክዳን መልሼ ገጠምኩት። በአንድ እጅ ጊዜ ይወስዳል።

ስለ ሻርፑ የምለው ነገር አለኝ። እስካሁን በግራ እጄ የምጽፈው በቀን አሥር መስመር ነው፤ ያ ከአሥር መስመር ይበልጣል። እጄ ሲለምድ እጽፈዋለሁ።

ጀሶው ወልቋል። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፏል። ልብስ ሰፊዋ አጠገቤ ቆማ፣ የልኬት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ቁጥሩን እሷ ጽፋዋለች፦

ወንበር፦ 7።
ግራ፦ 19፣ 18፣ 20።
ቀኝ፦ 4፣ 2፣ 3።

አክስትሽ